ለአባቴ ማረፊያ ፍለጋ፦ በጅማ ያየኋቸው የአረጋውያን መኖሪያዎች ግምገማ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ አባቴ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ከአልጋቸው ተነሥተው ሔርማታ በሚገኘው ቤታችን ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው እንደሚገምተው ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ድምፃቸውን የሰማ አልነበረም። ያገኟቸው ለሱብሒ ሶላት የተነሡት ጎረቤታችን ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ጭቃ ላይ ተኝተዋል። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ስለነበር በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሲወጡም ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻቸውን ማደር እንደሌለባቸው ነገረን። ብቻቸውን መኖር አላለም፤ ብቻቸውን ማደር ነው ያለው። ይህችን ቃል የማነሣት ከዚያ በኋላ ያየኋቸውን ቤቶች ሁሉ የለካሁት በእርሷ ስለሆነ ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በከተማችን ሦስት የአረጋውያን መኖሪያዎችን ተመልክቻለሁ፤ አስታማሚ ወደ ቤት ከሚልክ አንድ ኤጀንሲ ጋርም ለአራት ወራት ሠርቻለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም። ሁሉም ትናንሽ ተቋማት ናቸው፤ አንዲት ጎበዝ ነርስ ስትለቅ ወይም አንድ ትጉህ ሰው ሲቀጠር መልካቸው በአንድ ወር ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ የእኔ ምስጋናም ሆነ ወቀሳ ነገ ላይሠራ ይችላል። ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ የማስበው ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደጠየቅሁና መልሱ ምን ይመስል እንደነበር ነው።

ወደ ግምገማው ከመግባቴ በፊት ማንም ልጅ የማያመልጠውን ነገር ላንሣ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «አባባን መጦሪያ ቤት አስገብተን ሰው ምን ይለናል?» አለኝ። ሰው የሚለውን እኔም አውቀዋለሁ፤ እድር ላይ ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሁንና ወንድሜ ይህን የሚናገረው 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ እኔ ደግሞ ቆጪ ሠፈር ባለ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ይዤ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከሥራ ገበታዬ የምገኝ ሰው ነኝ። ሕጉም ልጅ ወላጁን የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ግዴታውን የሚወጣው ልጅ ግን ቀን ሠርቶ ሌሊት ነቅቶ ሊያድር አይችልም። አባቴ ራሳቸው ከሁላችንም ቀለል አድርገው ነው የተቀበሉት። ዕድሜያቸውን በቡና ቀማሽነት ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ፣ «እስቲ ቡናቸውን ልቅመሰው፤ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ያኔ እነግራችኋለሁ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያ የሞከርነው አስታማሚ ወደ ቤት ማምጣትን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አባቴ ከቤታቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው፣ ከእድራቸውና ጠዋት ጠዋት ከሚቀመጡበት ደጃፍ አይለዩም። ኤጀንሲው ያቀረበልን ወጣት ሰው አክባሪ፣ ንጹሕና ታጋሽ ነበረች፤ ገላቸውን ታጥባለች፣ ምግባቸውን ታዘጋጃለች፣ በዎከር፣ ማለትም በሁለት እጅ ተይዞ በሚኬድበት ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ታለማምዳቸዋለች። ነገር ግን አባቴ የፕሮስቴት ችግር ስላለባቸው ሌሊት ሦስቴ አራቴ ይነሣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ልጅ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአንድ ጥሪ ትነቃለች ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግለሰቦች በቤታቸው የሚቀጥሩት የግል አገልግሎት ሠራተኛ አልተሸፈነም፤ በዚህም ምክንያት የሥራ ሰዓቱም ሆነ የዕረፍቱ ቀን በአሠሪው ኅሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኛም ሳናስበው የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ስንሰጥ ቆይተን በሁለተኛው ወር ልጅቷ ታማ ሄደች። ኤጀንሲው በምትኳ የላካቸው ሁለቱ እንደ እርሷ አልሆኑም፤ የመጨረሻዋ መድኃኒቱን በቀለሙ ብቻ ስለምትለየው፣ ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ምርት በሰጠን ሳምንት ሁለቱን አደባልቃ ሰጠቻቸው። ለኤጀንሲው ስናሳውቅ የተሰጠን መልስ «ሌላ እንልካለን» የሚል ብቻ ነው። አቅም ኖሮት ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁ ሁለት ሰዎች መቅጠር ለሚችል ቤተሰብ ግን ይህ አማራጭ አሁንም ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ያየሁት በበጎ አድራጎት የሚተዳደርና ክፍያ የማይጠይቅ መጠለያ ነው። ስለ እርሱ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ለእኛ የተሠራ ቤት አይደለም። አስተዳዳሪው በትሕትና ተቀብለው ካስጎበኙኝ በኋላ፣ ቦታው ጧሪ ለሌላቸው ከየመንገዱ ለተነሡ ሰዎች እንደሆነ ሲነግሩኝ አፈርኩ፤ ልጅ ያላቸውን አንድ አባት ባስገባ አንድ ወና በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ቦታ እንደምነጥቅ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በጉብኝቱ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ግን መነገር ያለበት ነው። በበዓል ቀን በግ የሚነዳ፣ ዳቦ የሚሸከም፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው ግቢውን ይሞላዋል፤ በማግስቱ ያለው ማክሰኞ ግን ባዶ ነው። መርዳት የሚፈልግ ካለ ማክሰኞን ቢመርጥ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው በቅርቡ የተከፈተ፣ በክፍያ የሚሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ዓይን ይማርካል። ወለሉ የሚያበራ ሴራሚክ፣ መጋረጃው አዲስ፣ በእንግዳ መቀበያው ዙሪያ ደግሞ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ተደርድረዋል። የከተማችን የእጅ ሥራ በመሆኑ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዳሌያቸውን የተጠገኑ ሰው ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ብሎ እንዳይቀመጡ ሐኪም ይመክራል፤ አባቴ አንዱ በርጩማ ላይ ቢቀመጡ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል። መደገፊያ ክንድ ያለው ከፍ ያለ ወንበር እንዳለ ስጠይቅ ከቢሮው የባለቤቱን ወንበር አመጡልን። ወደ በሩ የሚያወጡት ሦስት ደረጃዎች ግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ በጎኑ ለዊልቸር የተሠራውን ተዳፋት በእርምጃ ስለካው ሁለት ሜትር አይሞላም። ዊልቸር ያለ ጭንቀት እንዲወጣና እንዲወርድ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የተዳፋት ርዝመት ያስፈልጋል፤ ለእነርሱ ደረጃ ስድስት ሜትር መሆን ነበረበት ማለት ነው። ባለ ሁለት ሜትሩ ለማሳያ ካልሆነ ሰው አይወጣበትም።

እነዚህ ሁሉ የሚስተካከሉ ናቸው፤ ወንበር ይገዛል፣ ተዳፋት ይረዝማል። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የመድኃኒት አሰጣጣቸውን ስጠይቅ፣ ሙያተኛዋ ከሌላ ሥራዋ ወጥታ የምትመጣው ከ11 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የሁሉም መድኃኒት ከራት በኋላ በአንድነት እንደሚሰጥ ነገሩኝ። አባቴ ከሚወስዷቸው የደም ግፊት መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያበዛ በመሆኑ ጠዋት እንዲወሰድ የታዘዘ ነው። ያንን ማታ የሰጡት ሰው ሌሊቱን ሲነሣ ያድራል፤ ከአልጋ ድንገት ሲነሣ ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ያዞረዋል፤ ከእግሩ ሥር ያለው የሚያበራው ሴራሚክ ነው። ሌሊት ማን እንደሚያድር ስጠይቅ «ዘበኛ አለን» አሉኝ። ዘበኛው በር ይጠብቃል እንጂ ሰው አያነሣም። «ታዲያ አንድ ሰው ቢወድቅስ?» ብዬ ስቀጥል አስጎብኚዬ፣ «እስካሁን የወደቀ የለም» በማለት መለሰልኝ፤ ቤቱ ከተከፈተ ሁለት ወሩ ነበር።

አባቴም ቡናውን ቀመሱ። የመጣላቸው በፔርሙዝ ነው፤ ሲኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፣ አንድ ጊዜ ፉት አሉና አስቀመጡት። ከወጣን በኋላ፣ «ጠዋት የፈላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ነው የሚያጠጧቸው። ሰው የላቸውም» አሉኝ። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠይቄ የደረስኩበትን እሳቸው በአንድ ፉት አገኙት።

አራተኛውን ቤት ያገኘሁት በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ወዲያ፣ በኪቶ አቅጣጫ የሚገኝ፣ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቪላ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ የበረንዳው እንጨት ምስጥ ጀምሮታል፣ በሩ ላይም ማስታወቂያ የለም። ባለቤቷ በጡረታ የተገለሉ ነርስ ናቸው፤ አሥራ አንድ አረጋውያን ይኖሩበታል። በር ላይ ስደርስ የተቀበለኝ ሽታ የእንጨት ጭስና ደርቆ ያላለቀ ልብስ እንጂ የሽንት አልነበረም፤ በእንዲህ ያለ ቤት ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ለአባቴ አልጋ እንደሚኖር ከተነገረኝ በኋላ ሳላስጠነቅቅ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። አንዱን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ሌላውን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። ለአስጎብኚ የሚታየው ቀኑ ስለሆነ፣ በዚህ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ፤ በዚያ ሰዓት በር የማይከፍት ቤት ደግሞ ሳይናገር መልሱን ሰጥቷል። ማታ ስገባ ሁለት ሠራተኞች አገኘሁ፦ አንደኛዋ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ትነቃለች፣ ከዚያ ሌላኛዋን ቀስቅሳ ትተኛለች። በመካከላቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የተማሪ ደብተር አለ፤ ባለቤቷ አንድ ገጽ እንዳነብ ፈቀዱልኝ። ስም የለውም፣ በአልጋ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው። አንድ መስመር እንዳለ አስታውሳለሁ፦ «ሌሊት 8፡40፤ አልጋ 4 ሽንት፤ ውሃ ጠጡ፤ ዝናቡ ቆመ ወይ ብለው ጠየቁ።» አልጋ 2 ላይ ያሉት እናት ከአልጋ የማይነሡ ናቸው፤ በአልጋ ቁጥራቸው አንጻር በየሁለት ሰዓቱ «ወደ ግራ»፣ «ወደ ቀኝ»፣ «በጀርባ» የሚል ተጽፏል። የአልጋ ቁስል የሚከላከለው በዚህ መገላበጥ ነው እንጂ በውድ ፍራሽ ብቻ አይደለም። ደብተሩ ለይምሰል በአንድ ቁጭታ የተሞላ እንዳይሆን ቀለሙንና የእጅ ጽሑፉን አየሁ፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ጽሑፉ ይለወጣል፣ አንዳንዱ መስመር በእንቅልፍ ልብ የተጻፈ ይመስል ወደ ታች ያዘነብላል። ያ ማዘንበሉ ነው ያሳመነኝ።

ሁለት ሰው ማደሩ የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ አይደለም። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ የተኛ ሰው አስታማሚ ያስፈልገዋል፤ ካርድ የሚያወጣ፣ ከፋርማሲ መድኃኒት የሚያመጣ፣ ናሙና ላቦራቶሪ የሚያደርስ፣ አጠገቡ የሚያድር ሰው። አንድ ሰው ብቻ የሚያድርበት ቤት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ አረጋዊ ቢታመምበት ወይ በሽተኛውን ብቻውን ይልከዋል፣ ወይ የቀሩትን አሥሩን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ «ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ይርቃል?» ከሚለው ይልቅ «አብሮ የሚሄደው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እዚህ ቤት አንደኛዋ አብራ ትሄዳለች፣ ባለቤቷ ከቤታቸው ይመጣሉ፣ ለቤተሰብም ወዲያው ይደወላል፤ የእያንዳንዱ አረጋዊ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የማይስማማው መድኃኒትና የልጆቹ ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል።

ጅማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የኖረባት ከተማ ናት፤ ይህ በጎረቤት ደረጃ ቀላል ቢሆንም በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤቱ ለእስላም ሥጋና ለክርስቲያን ሥጋ የተለያየ ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያ አለው፤ የአንደኛው መያዣ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። በረመዳን ለሱሑር የምትነሣው የሌሊቷ ሠራተኛ ናት፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እንዳይቆዩ ከንስሐ አባታቸው ጋር የተነጋገሩት ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሄድኩበት ቀን ለዉዱእ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ በሁለት ጆግ ተቀምጦ አገኘሁ። ሠራተኞቹ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይናገራሉ፤ ይህን እንደ ተራ ነገር የሚያልፍ ሰው ይኖራል፤ የመርሳት ሕመም የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ግን በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድመው ስለሚያጡ፣ ዕድሜያቸውን በአማርኛ ሲነግዱ የኖሩ አዛውንት አንድ ቀን በእናታቸው ቋንቋ ብቻ ውሃ ሊጠይቁ ይችላሉ። የሚሰማቸው ሰው ከሌለ ይጠማሉ።

አባቴ እዚህም ቡና ቀመሱ። ቡናው ፊታቸው ተቆላ። ገና ጭሱ ሲወጣ፣ «ጀንፈሉ ሲደርቅ ዝናብ መትቶታል፤ ትንሽ ሽታ አለው፤ ጠቆር አድርጊው እንጂ አታሳርሪው» ብለው ቆይዋን ማዘዝ ጀመሩ። ልጅቷ ሳትቆጣ ብረት ምጣዱን አቀረበችላቸውና፣ «እንግዲያው አባባ፣ እርስዎ ይዩልኝ» አለቻቸው። ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የተሰጣቸው ያን ዕለት ነው። ቡናውን ከጨረሱ በኋላ ስለ ቤቱ ምንም አላሉኝም፤ ሦስተኛ ሲኒ አስሞልተው ቀጠሉ።

ወደ ገንዘቡና ወደ ውሉ ልመለስ። ወርኃዊ ክፍያው የአባቴ የጡረታ አበል ሲሶውን እንኳን የማይሸፍነው ነው፤ የቀረውን ሦስት ልጆች እንካፈላለን። ዳይፐር፣ መድኃኒትና የሆስፒታል ወጪ ከክፍያው ውጭ ናቸው፤ ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰፍር አድርገናል። የመጀመሪያው የውል ረቂቅ ክፍያው «እንደ ገበያው ሁኔታ» ሊጨምር እንደሚችል ይል ነበር፤ ጤፍ በየሳምንቱ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ይህ አባባል ወሰን ስለሌለው፣ ጭማሪ ሲኖር ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲነገረን ተስማማን። አረጋዊው ሕመማቸው ቢብስ ቤቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚያቆያቸው፣ ቤተሰብ ቢያስወጣቸው የተከፈለው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ፣ መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ወር መቆየት እንደሚቻል ጠይቀን አስጽፈናል። ብዙ ሰው ለመጠየቅ የሚያፍረው ደግሞ ስለ ሞት ነው። አባቴ የሠፈራቸውን እድር ለዐሥርት ዓመታት ከፍለዋል፤ ሠፈር ቢለቁም መዋጮውን እኔ እየከፈልኩ አባልነታቸው እንዲቀጥል ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግሬ፣ ቀን ቢደርስ አስከሬኑ ከየት እንደሚነሣ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ተግባብተናል። አባቴም አብረው ተቀምጠው ሰምተዋል፤ ተቃውሞአቸው ድንኳኑ በክረምት እንዳይሆን ብቻ ነበር።

በሙከራው ወር መጀመሪያ ሳምንት በየቀኑ እየሄድኩ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቷ፣ «ልጄ፣ አንዴ ይናፍቁሽ» ብለው በዘዴ ገሠጹኝ። ልክ ነበሩ። አባቴ ከአልጋ 4 ባለቤት ጋር ስለ ቡና ዋጋ መከራከር የጀመሩት እኔ በሌለሁበት ነው። ሰውየው በገበሬነታቸው ለቀማሽ ሲሸጡ የኖሩ ስለሆኑ፣ ያ ክርክር የቆየ ቂም አለው።

አሁን አምስተኛ ወራችን ነው፤ ስለዚህ ስለ ቤቱ ጉድለትም በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ኮሪደሩ ላይ እጅ መደገፊያ የለም፤ ሰዎቹ ግድግዳውን እየዳበሱ ስለሚሄዱ ቀለሙ በአንድ መስመር ወይቧል፤ መደገፊያው የት መሠራት እንዳለበት መስመሩ ራሱ ያሳያል፤ እስካሁን ግን አልተሠራም። መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ይሆናል። የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ በቤቱ የለም፤ እኛ በራሳችን ወጪ በሳምንት አንድ ቀን እናስመጣለን፤ ይህ ባይሆን አባቴ ከዎከር ወደ ከዘራ ባልተሸጋገሩም ነበር። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል፤ መስማት የተሳናቸውን ሁለት ሰዎች ለመጥቀም ሲባል የቀሩት ዘጠኙ ይሠቃያሉ። ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ ደግሞ ልብስ አይደርቅም፤ አንሶላው እርጥበት ይሸታል፤ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ ያለው አፈር መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅ አይገባም፤ ጫማ በእጅ ይዞ መሄድ የለመድኩት ነገር ሆኗል። አንድ ቀን ሰው ለማመላለስ መኪና ቢያስፈልግ ይህ መንገድ ችግር እንደሚሆን ለባለቤቷ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከነዋሪዎች ጋር ተዋጥቶ ጠጠር እንዲፈስበት እየተነጋገሩ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የመጥሪያ ደወል አለመኖሩ ነው። ሠራተኞቹ ነቅተው እንኳን ቢያድሩ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የአንድ አዛውንት ድምፅ ከክፍል ወደ ክፍል አይሰማም፤ ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ባለቤቷ የኤሌክትሪክ ደወል ለማስገባት ዋጋ አስጠይቀው ነበር፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ስለማይሠራ ተዉት። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ለከብት አንገት የሚታሰር ቃጭል ገዛሁ፤ በጠንካራ ሲባጎ አስሬ ከአባቴ አልጋ ራስጌ ላይ፣ ተኝተው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ሳገላብጥ በአልጋቸው ቁጥር «ሌሊት 9፡10፤ ቃጭል፤ ሽንት፤ ተመልሰው ተኙ» የሚል መስመር አገኘሁ። ባለቤቷ ለሌሎቹ አልጋዎችም እንዲገዛ ወስነዋል፤ እስካሁን የተገዛው ግን ሁለት ብቻ ነው።